ዲቪ ደረሰኝ፤ እዚሁ አሜሪካ ልጨርስ ወይስ አዲስ አበባ ገብቼ?

ጎህ ቀደደ · ጥቅምት 5, 2017

ሰላም ለሁላችሁ። የዲቪ 2025 ዕድለኛ ነኝ። ያለሁት አሜሪካ ነው፤ በኤፍ-ዋን (በተማሪ ቪዛ) ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ባለቤቴና ትንሿ ልጃችን አዲስ አበባ ናቸው። ፎርሙን ስሞላ ሁለቱንም ከነፎቷቸው አስገብቻቸዋለሁ። ኬዝ ቁጥሬ (የዲቪ ተራዬ) ከአፍሪካ መካከለኛ ከሚባሉት ስለሆነ ክረምቱ እዚህ ሳይወጣ፣ ጥር ወይም የካቲት አካባቢ ይደርሳል ብዬ እገምታለሁ።

ሁለት መንገድ እንዳለ አውቃለሁ። አንዱ እዚሁ ሆኜ አይ-485 የሚባለውን የግሪን ካርድ ማመልከቻ አስገብቼ ስታተስ መቀየር፣ ማለትም ከተማሪነት ወደ ነዋሪነት መዛወር ነው። ሌላው እንደማንኛውም ሰው አዲስ አበባ ኤምባሲ ኢንተርቪው መግባት። ጓደኞቼ በሙሉ «አሜሪካ ገብተህ ደግሞ ለምን ትወጣለህ?» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ አንድ ላይ ብንቀርብ ትመርጣለች። ፓስፖርቴ ላይ ያለው የተማሪ ቪዛ ጊዜው አልፏል፣ ትምህርት ቤቱ የሰጠኝ የተማሪነት ወረቀት፣ አይ-20ዬ፣ ግን የጸና ነው። ያለፈቃድ ሠርቼ አላውቅም። የቪዛ ማመልከቻ ፎርሙን፣ ዲኤስ-260ን፣ ገና አልላክሁም፤ መንገዴን ሳልወስን መላክ አልፈለግሁም። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ኦሃዮ ነኝ · ጥቅምት 5, 2017

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ! እኔ በዲቪ 2023 እዚሁ ነው የጨረስኩት፤ እንዳንተ ተማሪ ነበርኩ፣ ግን ላጤ።

መጀመሪያ ለኬሲሲ፣ ኬንታኪ ላለው የዲቪ ማዕከል፣ እዚሁ ስታተስ እንደምትቀይር በኢሜይል ታሳውቃለህ። ቀጥሎ የዲቪውን 330 ዶላር በመኒ ኦርደር ወይም በባንክ ቼክ ሴንት ሉዊስ ወዳለው የስቴት ዲፓርትመንት አድራሻ ትልካለህ። ደረሰኙ ሲመለስልህ እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀው፣ ከአይ-485ው ጋር ይገባል። ቪዛ ቡለቲን (የስቴት ዲፓርትመንት ወርኃዊ ማስታወቂያ) የሚቀጥለውን ወር የዲቪ ቁጥር ቀድሞ ያወጣል፤ ቁጥርህ እዚያ ውስጥ ከገባ ወሩ እስኪብት ሳትጠብቅ ማስገባት ትችላለህ። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ሳምንታት ያልፉበታል። ሜዲካሉን የኢሚግሬሽን ፈቃድ ያለው ሐኪም ዘንድ ታደርጋለህ፣ ለአሻራ ትጠራለህ፣ ከዚያ ኢንተርቪው ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል።

አይ-485 ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ 1,440 ዶላር ሆኗል። የሥራ ፈቃድ አብረህ ከጠየቅህ 260 ጨምር።

ሁለት ነገር አጥብቄ እነግርሃለሁ። ካስገባህ በኋላ አድቫንስ ፓሮል (ወጥቶ የመመለስ ፈቃድ) ሳትይዝ ከአሜሪካ ብትወጣ ማመልከቻውን እንደተውከው ይቆጠራል። ደግሞ የሥራ ፈቃዱ ቢመጣልህም ትምህርትህን አታቋርጥ፣ ኤፍ-ዋንህን አታፍርስ። ዲቪው ባይሳካ የምትቆምበት እሱ ብቻ ነው።

መቅደላ · ጥቅምት 6, 2017

ኦሃዮ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። ግን የላጤ መንገድ ነው። ጎህ ቀደደ ሚስትና ልጅ አሉት፣ ያሉትም አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ ላይ ጉዳዩ ይለወጣል።

ዲቪን ከሌላው ግሪን ካርድ የሚለየው ዓመቱ ሲያልቅ አብሮ ማለቁ ነው። የዲቪ 2025 ዓመት ኦክቶበር 1, 2024 ጀምሯል፣ ሴፕቴምበር 30, 2025 ያበቃል። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 20, 2018 ማለት ነው። (ቤተሰብ ዘንድ ስትነግር በሁለቱም አቆጣጠር ተናገር። «እስከ መስከረም 30» ብሎ የያዘ ሰው 10 ቀን ዘግይቶ ነው የሚቆጥረው።) ፋይልህ ጠረጴዛ ላይ ቢሆን፣ ጥፋቱ ያንተ ባይሆን፣ ከዚያች ቀን በኋላ ማንም ሊያጸድቅልህ አይችልም። የከፈልከውም አይመለስም። ቪዛውም ራሱ ከዚያ በፊት ሊያልቅ ይችላል፤ ለዘንድሮው ከነቤተሰቡ ከ130 ሺህ በላይ ሰው ተመርጧል፣ ያለው ቪዛ 52 ሺህ አካባቢ ነው። አንድ አገር ደግሞ ከጠቅላላው ከ7 በመቶ በላይ አይወስድም።

አሁን ከሴፕቴምበር 30 ወደ ኋላ ቁጠር። እዚህ ስታተስ ብትቀይር ባለቤትህና ልጅህ ማመልከቻህ ውስጥ አይገቡም፣ አሜሪካ ውስጥ የሉማ። መጀመሪያ ያንተ መጽደቅ አለበት። ከጸደቀ በኋላ የእነሱ ፋይል ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ቀጠሮ ይያዝላቸዋል፣ ሜዲካል ይሠራሉ፣ ኢንተርቪው ይገባሉ። ቪዛቸው መታተም ያለበት ከዚያችው ቀን በፊት ነው። የካቲት ላይ አስገብተህ ያንተ ሰኔ ላይ ቢጸድቅ የሚተርፋቸው ሦስት ወር ነው። ነሐሴ ላይ ቢጸድቅስ? አንተ ግሪን ካርድ ይዘህ፣ እነሱ ከዲቪው ውጪ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ያለው በአይ-130 (በቤተሰብ ማመልከቻ ፎርም) ማመልከት ነው፤ የግሪን ካርድ ባለቤት ለሚስቱና ለልጁ ሲያመለክት ዓመታት የሚጠብቅበት ወረፋ አለው።

አዲስ አበባ ብትገባ ግን ሦስታችሁም በአንድ ቀጠሮ ትቀርባላችሁ።

ስለዚህ ልጠይቅህ። የ12ኛ ክፍል ማስረጃህ ኦሪጅናሉ በእጅህ አለ? የትዳርና የልደት ወረቀቶቹ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርታቸው ጋር ይመሳሰላል? ከገባህበት ቀን ጀምሮ ኤፍ-ዋንህ አንድም ቀን አልተቋረጠም? የእነዚህን መልስ ሳላውቅ ይህን አድርግ አልልህም።

ባለ2020 · ጥቅምት 6, 2017

ወንድሜ፣ እባክህ አትውጣ።

እኔ የዲቪ 2020 ዕድለኛ ነበርኩ። አዲስ አበባ ሆኜ ወረቀቴን በሙሉ አዘጋጅቼ ቀጠሮ ስጠብቅ ኮሮና መጣ፣ የቪዛ ሥራ በየአገሩ ቆመ። ኤፕሪል 2020 ላይ ከአሜሪካ ውጪ ያለ ሰው በኢሚግራንት ቪዛ እንዳይገባ የሚያግድ ዐዋጅ ወጣ፤ መጀመሪያ ለ60 ቀን ተባለ፣ ጁን ላይ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተራዘመ። ፍርድ ቤት ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ለዲቪ ባለዕድሎች የሚጠቅም ትእዛዝ ሰጠ፣ ግን ለብዙዎቻችን የቀረው ጊዜ አልበቃም። ያ ዐዋጅ አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ስታተስ የሚቀይረውን አልነካም። በዚያው ዓመት ተመርጦ እዚያው የነበረ ጓደኛዬ ካርዱን ተቀበለ። እኔ እስከ ዛሬ እዚህ ነኝ።

በሕይወቴ ከዚያ የከበደ ነገር አላየሁም፤ ለማንም አልመኘውም። ሕግ በአንድ ሌሊት ይለወጣል። ውስጥ ያለ ሰው ውስጥ ነው።

መቅደላ · ጥቅምት 6, 2017

ባለ2020፣ የደረሰብህን ሳነብ አንጀቴን በላኸኝ። የምትለውም እውነት ነው፣ ያ ዐዋጅ የመታው ውጪ ያለውን ነው። ግን አንድ ነገር አብረን እንይ፤ እንዲህ ያለ ነገር ዳግም ቢመጣ የጎህ ቀደደ ሚስትና ልጅ በየትኛውም መንገድ ውጪ ናቸው። እዚህ መቅረቱ የሚያድነው እሱን ብቻ ነው።

ባለ2020 · ጥቅምት 7, 2017

አዎ፣ እሱን ብቻ ያድናል። ሦስቱም ከሚቀሩ አንዱ ይግባ ነው የምለው። ከገባ በኋላ ያመለክትላቸዋል፣ ዓመታት ቢፈጅም መንገድ አለ። ሁሉም ከቀሩ መንገድ የለም።

ጎህ ቀደደ · ጥቅምት 7, 2017

ሁለታችሁም የጻፋችሁት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ነው። ለመቅደላ ልመልስ። የ12ኛ ክፍልም የዲግሪም ማስረጃዬ በእጄ ነው። ኤፍ-ዋኔ ተቋርጦ አያውቅም። ችግሩ የባለቤቴ ነው፣ በእንግሊዝኛ የአባቷ ስም አጻጻፍ በፓስፖርቷና በጋብቻ ሰርተፊኬታችን ይለያያል።

ደግሞ አንድ ጓደኛዬ «ሚስትህን በኤፍ-ቱ (በተማሪ ቤተሰብ ቪዛ) አምጣትና እዚህ ሦስታችሁም አብራችሁ ስታተስ ቀይሩ» አለኝ። ይሆናል?

መቅደላ · ጥቅምት 7, 2017

ይህን አታድርግ። ኤፍ-ቱ የሚሰጠው ተመልሼ እሄዳለሁ ለሚል ሰው ነው። እሷ በዲቪ ለመኖር እየጠበቀች «ለጉብኝት ያህል ነው» ብላ ቆንስሉ ፊት ብትናገር ሐሰት ይሆናል፤ ሐሰት መናገር ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚያስከለክል ጥፋት ነው። እውነቱን ብትናገር ኤፍ-ቱውን ትከለከላለች። በዚህም በዚያም ትጎዳለች።

የስሙን ጉዳይ ግን ዛሬውኑ ጀምሩት።

አራት ኪሎ · ጥቅምት 8, 2017

በስሙ ላይ ልግባ፣ እኔም ለእህቴ ስሯሯጥ ያየሁት ነው። የልደትና የጋብቻ ሰርተፊኬት አሁን የሚሰጠው በወሳኝ ኩነት በኩል ነው፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አብሮ ይታተማል። ሲታተም የፓስፖርቱን ኮፒ አቅርባ ፊደል በፊደል እንዲመሳሰል ትጠይቅ። የታተመውን ሳትፈርም በፊት እዚያው ቆማ ታንብበው። የልጅቷ የልደት ሰርተፊኬት ላይም የእናት ስም በዚያው አጻጻፍ ይሁን። ባለቤትህ ከፌደራል ፖሊስ የአሻራ ማስረጃ ታወጣለች። አንተም የኢትዮጵያውን ትጠየቃለህ። የአሜሪካ የፖሊስ ማስረጃ ግን ለኤምባሲው አያስፈልግህም፣ እሱን ፍለጋ ገንዘብ አታውጣ።

ሌላው፣ «እኔ እጨርስልሃለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣ ኬዝ ቁጥርህን አትስጠው። እዚህ ብዙ ሰው ፎርሙን ያስሞላው ኢንተርኔት ቤት ነው፤ የማረጋገጫ ቁጥሩን ይዘው ውጤቱ ሲወጣ ገንዘብ የሚጠይቁ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር «ጋብቻ» አድርግ የሚሉ አሉ። እንዲህ ያለውን ጋብቻ ቆንስሉ ሁለት ጥያቄ ጠይቆ ይለየዋል፣ ዕድሉም እዚያው ያበቃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ · ጥቅምት 9, 2017

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ትንሽ ይለያል። እኔም ዘንድሮ ደርሶኛል። በቱሪስት ቪዛ መጥቼ አሳይለም (ጥገኝነት) አመልክቻለሁ፣ ኬዙ ገና ነው፣ የሥራ ፈቃድ አለኝ። የቱሪስቱ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ሥራ ቦታ ያሉ ሰዎች «የሥራ ፈቃድ ካለህ ሕጋዊ ነህ፣ አይ-485 አስገባ» ይሉኛል።

መቅደላ · ጥቅምት 9, 2017

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ጠበቃ ሳታናግር አንድ እርምጃ አትሂድ። የምነግርህ ጠበቃ ፊት ምን እንደምትጠይቅ እንድታውቅ ነው።

አሳይለም ጠይቆ መጠበቅ ከአገር እንዳትባረር ይጠብቅሃል፣ የሥራ ፈቃድም ያሰጥሃል፤ ግን በራሱ ሕጋዊ ስታተስ አይደለም። በዲቪ እዚህ ለመቀየር በሕጋዊ መንገድ የገባህ ብቻ ሳይሆን ስታተስህ ሳይቋረጥ የቆየህ መሆን አለብህ። በአሠሪ በኩል ግሪን ካርድ ለሚያገኙ እስከ 180 ቀን መቋረጥን የሚያልፍ አንቀጽ አለ፤ ለዲቪ አይሠራም። ሰዎች ይህን ከዚያ ጋር እያደባለቁ ነው የሚመክሩህ።

«እንግዲያው አዲስ አበባ ልሂድ» ከማለትህ በፊት ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ አሳይለም ያመለከትከው ቱሪስቱ ከማለፉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አሜሪካ ውስጥ ስታተስ ሳይኖረው ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ የወጣ ሰው 3 ዓመት፣ ከ1 ዓመት በላይ የቆየ 10 ዓመት እንዳይገባ ይታገዳል፤ እገዳው የሚጀምረው ስትወጣ ነው። አሳይለም በመጠበቅ ላይ ያለ ጊዜ በአብዛኛው አይቆጠርም፣ ግን ያለፈቃድ ከሠራህ ይህ ጥበቃ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ተመልሼ ብሄድ ሕይወቴ አደጋ ላይ ይወድቃል ብለህ ካመለከትህበት አገር መመለስህ አሳይለሙን ያፈርሰዋል። ፍርሃትህ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ከወረቀት በፊት የሚያሳስበኝ ሕይወትህ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ · ጥቅምት 10, 2017

ያመለከትሁት ቱሪስቱ ሳያልፍ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠበቃ ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ፣ የነገርሽኝን በሙሉ ጽፌ ነው የምሄደው።

እናት ዓለም · ጥቅምት 12, 2017

ልጆቼ፣ እኔ ባሕር ዳር ነኝ፣ ዲቪው የደረሰው ለባለቤቴ ነው። ልጃችን በኅዳር 21 ዓመት ይሞላዋል። ቁጥራችን ከዚያ በኋላ ነው የሚደርሰው። ሰፈር ውስጥ «እሱ ወጥቷል፣ ቁርጣችሁን እወቁ» ይሉኛል።

መቅደላ · ጥቅምት 12, 2017

እማማ፣ ገና ነው፣ ቁርጥ አልሆነም። የልጅ ዕድሜን የሚጠብቅ ሕግ አለ፣ ለዲቪም ይሠራል። ቁጥራችሁ በደረሰበት ጊዜ ካለው ዕድሜ ላይ የዲቪው ምዝገባ ከተከፈተበት ቀን እስከ ውጤቱ የወጣበት ቀን ያለው ጊዜ ይቀነስለታል። የዲቪ 2025 ምዝገባ ኦክቶበር 4, 2023 ተከፈተ፣ ውጤቱ ሜይ 4, 2024 ወጣ፤ 7 ወር ነው። ልጅዎ በኅዳር 21 ከሞላው፣ ቁጥራችሁ እስከ ግንቦት መጨረሻ ከደረሰ በሕጉ ፊት ገና ከ21 በታች ነው። ማግባት ብቻ የለበትም። ባለቤትዎ ዲኤስ-260 ላይ የልጁንም ፎርም አሁኑኑ ይላኩ፣ አይዘግዩ።

እናት ዓለም · ጥቅምት 12, 2017

እመቤቴ ትጠብቅሽ ልጄ። ዛሬ ማታ አብረን እንሞላለን።

ዳላስ · ጥቅምት 14, 2017

ወደ ጎህ ቀደደ ልመለስ። አዲስ አበባ ከሄድክ ያልተነገረህ አንድ ነገር አለ። ኢንተርቪው የገባ ሁሉ ያን ቀን ቪዛ አያገኝም። ተጨማሪ ወረቀት አምጣ ሊባል ይችላል፣ ወይም አድሚኒስትሬቲቭ ፕሮሰሲንግ (ተጨማሪ ማጣራት) ውስጥ ገብቶ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። በዚያ መሃል አንተ ትምህርት አለህ፣ ፓስፖርትህ ላይ ያለው የተማሪ ቪዛም ጊዜው አልፏል። ለመመለስ አዲስ ኤፍ-ዋን መጠየቅ ይኖርብሃል፤ ልትኖር ማመልከትህን ያየ ቆንስል ደግሞ «ተምሬ እመለሳለሁ» ስትለው ላያምንህ ይችላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ማለት ዲቪውም ትምህርቱም በአንድ ቀጠሮ ላይ የሚንጠለጠሉበት ነው። ይህን አውቀህ ግባ። ከሄድክም ከዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ጋር ተነጋግረህ ሴሚስተር የማቋረጥ ፈቃድ ምን እንደሚመስል ቀድመህ ጠይቅ።

በገንዘብ ብዙም ልዩነት የለውም። ሦስታችሁም አዲስ አበባ ብትገቡ በነፍስ ወከፍ 330 ለኤምባሲ፣ 235 ደግሞ ቪዛ ካገኛችሁ በኋላ ለኢሚግሬሽን፤ በጠቅላላ 1,695 ዶላር። አንተ እዚህ፣ እነሱ እዚያ ከሆነ 2,900። ልዩነቱን የአውሮፕላን ትኬትህ ይበላዋል። በገንዘብ አትወስን።

ጎህ ቀደደ · ኅዳር 2, 2017

ብዙ አሰብን። ከባለቤቴ ጋር በስልክ ስንነጋገር ያደርንባቸው ሌሊቶች አሉ። አዲስ አበባ እንድገባ ወስነናል። ሦስታችንም ዲኤስ-260 ልከናል፣ ኤምባሲውንም አዲስ አበባ ብለናል።

ምክንያታችንን ልንገራችሁ፣ ሌላ ሰው ሊጠቅመው ይችላል። በመቅደላ ስሌት ወደ ኋላ ስንቆጥር የእኔ እዚህ መጽደቂያ ጊዜ በእጄ አይደለም፤ የምኖርበት አካባቢ ያለው ቢሮ ይዘግያል ይባላል። የትምህርት ማስረጃዬ ግልጽ ነው፣ ትዳራችን ከዲቪው በፊት ዓመታት የቆየ ነው፣ ልጅ አለን። ስለዚህ ቆንስል ፊት የምንፈራው ነገር ጥቂት ነው። የዳላስን ማስጠንቀቂያ ይዤ ትምህርት ቤቴን አነጋገርኩ፤ ቀጠሮው ሴሚስተር መሃል ላይ ቢመጣ ፈቃድ ወስጄ እወጣለሁ። ትምህርቱን ላጣ እችላለሁ፣ አውቄዋለሁ። ልጄ ካለ እኔ ሌላ ሦስት ዓመት ከምታድግ ትምህርቱ ይቅርብኝ።

የባለቤቴም ሰርተፊኬት በፓስፖርቷ አጻጻፍ ታትሟል። አራት ኪሎ፣ ተባረክ።

ባለ2020 · ኅዳር 3, 2017

አሁንም እኔ ብሆን አልወጣም። ግን ምክንያትህን አነበብኩት፣ የአባት ምክንያት ነው። እግዚአብሔር ይቅደምልህ። ቀጠሮ ሲደርስህ ንገረን።

ኦሃዮ ነኝ · ኅዳር 25, 2017

እዚህ ስታተስ የምትቀይሩ ሌሎች ካላችሁ፦ ከዲሴምበር 2, 2024 ጀምሮ የሜዲካል ፎርሙ፣ አይ-693፣ ከአይ-485ው ጋር አብሮ መግባት አለበት። «ሲጠይቁኝ እልካለሁ» ማለት ቀርቷል፣ ሳይያያዝ የመጣ ማመልከቻ ሊመለስ ይችላል። ለዲቪ ደግሞ የተመለሰ ፖስታ የሚወስደው ጊዜ ራሱ ኪሳራ ነው። ሐኪሙን ቀድማችሁ ያዙ።

ጎህ ቀደደ · መጋቢት 19, 2017

ተመስገን! ሦስታችንም ቪዛ አገኘን! ቆንስሉ የዲግሪና የ12ኛ ክፍል ወረቀቴን አየ፣ ባለቤቴን የት እንደተዋወቅን ጠየቃት፣ ልጃችንን በስሟ ጠራት። አለቀ። ከኤምባሲው ስንወጣ ባለቤቴ መንገድ ላይ ቆማ አለቀሰች።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። የባለቤቴ እናት ታመዋል፣ ባለቤቴም ልጅቷ ትምህርቷን ብትጨርስ ትፈልጋለች። እኔ ለሴሚስተሩ ቶሎ መመለስ አለብኝ። ተለያይተን መግባት እንችላለን? ከሴፕቴምበር 30 በኋላስ ቢሆን?

መቅደላ · መጋቢት 19, 2017

እልልልል! እንኳን ደስ ያላችሁ! ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነው የምውለው።

አዎ፣ ትችላላችሁ፣ ግን ቅደም ተከተል አለው። ዲቪው ያንተ ስለሆነ አንተ መጀመሪያ ትገባለህ፣ ወይም አብራችሁ፤ እነሱ ካንተ በፊት መግባት አይችሉም። ሴፕቴምበር 30 ቪዛው እንዲታተም ነበር፣ ታትሟል። ከእንግዲህ የሚገዛችሁ በእያንዳንዳችሁ ቪዛ ላይ የተጻፈው የማብቂያ ቀን ነው፤ ከ6 ወር አይበልጥም፣ ሜዲካሉ ቀድሞ የሚያበቃ ከሆነም ያጥራል። የሦስታችሁንም ለየብቻ አንብቡ፣ የልጅቷ ከእናቷ ሊለይ ይችላል። 235ቱን ዶላር ለሦስታችሁም ከበረራ በፊት በኢንተርኔት ክፈል፣ ሳይከፈል ካርዱ አይላክም። ስትገባ በኢሚግራንት ቪዛው ግባ፣ አይ-20ህን አታሳይ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተማሪ ሳይሆን ነዋሪ ነህ። የምትሰጠው አድራሻም ካርዶቹ ሲመጡ ሰው የሚቀበልበት ይሁን።

ለእናትየዋ ምሕረቱን ያውርድላቸው።